ሲቪያችሁን መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው? ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ካንቫ እና ሌሎች ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ስለ ሲቪ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በማስፈራሪያ ይጀምራል። «ከመቶ ሰባ አምስቱ ሲቪ የሰው ዓይን ሳያርፍበት ኮምፒውተር ይጥለዋል» ይባላል። ቁጥሩ ለዓመታት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። ከጀርባው ግን ይሄ ነው የሚባል ጥናት የለም። ደጋግመው የሚጠቅሱትም ሲቪ በማስተካከል ገንዘብ የሚያገኙት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ተረጋጉ።

ችግሩ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ቀጣሪዎች ሲቪ የሚቀበሉበትና የሚያጣሩበት ሲስተም፣ ማለትም ኤቲኤስ፣ ሲቪያችሁን አሳስቶ ካነበበ የሠራችሁበትን ዓመት ያጣል፣ የሥራ መደባችሁን ከድርጅቱ ስም ጋር ይቀላቅላል፣ ስልካችሁን ባዶ ይተወዋል። ሲቪው አልተጣለም፤ ግን ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ይህን ለመከላከል ቴምፕሌት ከመምረጥ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ። ስትልኩት የሚቀበለው ማን ነው?

የሚሄድበትን መንገድ እወቁ

አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሲቪው በአራት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የድሮው ነው። ታትሞ፣ ከዲግሪ ኮፒ ጋር በስቴፕለር ተያይዞ፣ የሰው ኃይል ቢሮ በአካል ይሰጣል። ሁለተኛው ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ነው። ሦስተኛው ቅጽ መሙላት ነው፤ ጎግል ፎርምም ይሁን የድርጅቱ የራሱ ገጽ። አራተኛው ፋይሉን ጭናችሁ ሲስተሙ ራሱ የሚያነብበት ነው። ወርክዴይ፣ ታሌዮ፣ ሰክሰስፋክተርስ፣ ግሪንሃውስ የሚባሉትን ስሞች ማመልከቻው ገጽ አድራሻ ላይ ካያችሁ አራተኛው መንገድ ላይ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር አበሻ ደግሞ ዋናው መንገድ ይሄ ነው። ሆስፒታሉም ባንኩም ትልቁ ሆቴልም በዚህ ነው የሚቀበለው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች አንባቢው ሰው ነው። ቀለም ቢኖረው፣ ፎቶ ቢኖረው ብዙም አይጎዳም። በሦስተኛው ደግሞ የሲቪው ፋይል ጭራሽ ላይነበብ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ኢንስፒራን ውሰዱ። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ማለትም ኢሲኤ፣ በዚህ ሲስተም ነው የሚቀጥረው። እዚያ የምትሞሉት የግል ታሪክ ቅጽ ራሱ ማመልከቻችሁ ነው። ሲቪ በማሳመር ያጠፋችሁት ሌሊት እዚያ ዋጋ የለውም። ጊዜውን በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ምን እንደሠራችሁ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደነበራችሁ በመጻፍ ላይ አውሉት። ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ለአራተኛው መንገድ ነው።

ሲስተሙ ምን ያደርጋል?

ፋይሉ ሲደርሰው ጽሑፉን ብቻ ያወጣል። ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ፎቶው ይቀራል። የወጣውን ጽሑፍ እየከፋፈለ በየሳጥኑ ይከታል፦ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ድርጅት፣ የሥራ መደብ፣ ቀን፣ ትምህርት፣ ክህሎት። ከዚያ የሰው ኃይል ባለሙያዋ ገብታ «አካውንታንት፣ ሦስት ዓመት፣ ፒችትሪ» ብላ ትፈልጋለች፤ ፒችትሪ የሒሳብ ሥራ ፕሮግራም ነው። የወጡላትን ትከፍታለች። ብዙዎቹ ሲስተሞች ዋናውን ፋይልም ያሳዩዋታል። ስለዚህ ሲቪው ለሁለት አንባቢ መሥራት አለበት፤ ለማሽኑም ለእሷም።

ማሽኑ በራሱ «አይሆንም» የሚልበት ቦታም አለ። እሱ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አይደለም። ከፋይሉ ጎን የሚመጡት የአዎና የአይ ጥያቄዎች ናቸው። «የሦስት ዓመት ልምድ አለህ?» «ፈቃድ አለሽ?» ቀጣሪው «አይ ያለ ይውጣ» ብሎ ካዘዘ በዚያው ያልቃል። አሜሪካ ያሉ ወገኖች እዚህ ላይ በከንቱ ይወድቃሉ። «በሕግ ለመሥራት ተፈቅዶልሃል?» ሲባል ዜጋ ነህ ወይ የተባሉ ይመስላቸዋል። በዲቪ የገባና ግሪን ካርድ ያለው ሰው መልሱ አዎ ነው። ጊዜው ያላለፈ የሥራ ፈቃድ የያዘም እንዲሁ። ቀጥሎ የሚመጣው «ስፖንሰር ያስፈልግሃል?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቀጣሪው የሥራ ቪዛ ያስወጣልህ ወይ ማለት ነው። ለግሪን ካርድ ያዥ መልሱ አያስፈልገኝም ነው። ሁለቱን ያለ ማንበብ «አዎ፣ አዎ» ብሎ ያለፈ ሰው ምርጥ ሲቪ ቢይዝም አይጠቅመውም።

ቀጣሪዎቹም ማጣሪያው እንደሚያጠብባቸው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ከአክሰንቸር ጋር ባወጣው ጥናት ከመቶ 88 የሚሆኑ ቀጣሪዎች ብቁ የሆኑ አመልካቾች ከማስታወቂያው መስፈርት ጋር በልክ ስላልገጠሙ ብቻ እንደሚወጡባቸው አምነዋል። ከስድስት ወር በላይ ክፍተት ያለውን ሲቪ የሚያወጡም ብዙ ነበሩ። ወደ ክፍተቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ካንቫ ወይስ ስካን?

መጀመሪያ ስካኑን እንሰናበተው። ሲቪውን አትሞ በስልክ ካሜራ አንስቶ በፒዲኤፍ የሚልክ ሰው ብዙ ነው። ፊርማ ስላለበት «ኦፊሴላዊ» ይመስላል። ለማሽኑ ግን ፎቶ ነው። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሲስተሞች አሉ፤ አሉ ብሎ መተማመን ግን ሎተሪ ነው። ስካን ለዲግሪና ለሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሁን። ለሲቪ አይሁን።

ዎርድ ለማሽን ከሁሉም ይቀላል። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ያለው የዎርድ ፋይል ውስጡ ጽሑፉን በቅደም ተከተል ይዞ ነው የሚቀመጠው። ርዕሱ ርዕስ ነው፣ አንቀጹ አንቀጽ ነው። ድክመቱ ለሰው ሲከፈት ነው። እናንተ ጋ አንድ ገጽ የነበረው እሷ ጋ ፎንቱ ስለሌለ አንድ ገጽ ከሦስት መስመር ይሆናል። በስልክ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል። የድሮው የ97–2003 ዓይነት ፋይል እስካሁን የሚያወጡ ኮምፒውተር ቤቶች አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ በአዲሱ ዓይነት አስቀምጡልኝ በሏቸው።

ፒዲኤፍ ለሰው ዓይን አስተማማኝ ነው። የትም ይከፈት የት አይበተንም። በውስጡ ግን ፊደሎቹ የተቀመጡት «ይሄ እዚህ ቦታ፣ ያ እዚያ ቦታ» ተብሎ ነው። የንባብ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አይያዝም። ከዎርድ ወይም ከጎግል ዶክስ በቀጥታ የወጣ ባለ አንድ ዓምድ ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይነበባል። አንዲት ስውር ችግር ልንገራችሁ። አንዳንድ ጌጠኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ኤፍና አይ አጣብቀው እንደ አንድ ቅርጽ ያስቀምጧቸዋል። ጽሑፉ ሲወጣ ያቺ ቅርጽ ልትጠፋ ትችላለች። ኦፊሰር እና ፋይናንስ የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሁለቱም ውስጥ አለች። የባንክ ሠራተኛ ሲቪ ላይ እነዚህ ሁለት ቃላት ከተበላሹ ምን ቀረ? ኤሪያል፣ ታይምስ ዓይነት ተራ ፎንት ተጠቀሙ።

ካንቫ ላይ ያለኝን አቋም ልደብቅ አልፈልግም። ያምራል፣ በስልክ ይሠራል፣ ለጀማሪ ደስ ይላል። ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው በሳጥን ተቀምጦ ነው የሚወጣው። ሳጥኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነበቡ እናንተ አትቆጣጠሩትም። ስታወርዱት «ፍላተን» የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁበት ደግሞ ሁሉንም ወደ ምስል ይቀይረዋል፤ ከስካን ምንም አይለይም። ክህሎትን በአምስት ክብ የሚያሳየው ጌጥም አለ። እንግሊዝኛ አራት ክብ፣ ኤክሴል ሦስት ክብ። ማሽኑ ክቦቹን አያይም። ሰውም ቢሆን ሦስት ክብ ኤክሴል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። የግራፊክስ ባለሙያ ከሆናችሁ ወይም በአካል የምትሰጡት ከሆነ ካንቫ ይሁን። ወርክዴይ ላይ ለመጫን ግን አልመክርም።

ምርጫው እንግዲህ ዎርድ ወይስ ፒዲኤፍ ነው። መጀመሪያ ማስታወቂያውን እመኑ፤ የጠየቀውን ስጡ። ምንም ካላለ ለሲስተም ዎርድ፣ ለኢሜይልና ለቴሌግራም ፒዲኤፍ እልካለሁ። ዋናው ሥራ ሁልጊዜ በዎርድ ወይም በጎግል ዶክስ ይሠራ፤ ፒዲኤፉ ከዚያ ይውጣ። ጎግል ዶክስ ነፃ ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት ያወጣል። ኮምፒውተር ቤት ለሚሠራ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ፍላሽ ይዞ ቫይረስ ይዞ ከመመለስ ያድናል፤ ሲቪውም ስልኩም አድራሻውም የቤቱ ዴስክቶፕ ላይ ተጥሎ አይቀርም።

አንድ ዓምድ ወይስ ሁለት?

አንድ። ሁለት ዓምድ ያለውን ገጽ አንዳንድ ሲስተሞች እንደ ጋዜጣ ዓምድ ሳይሆን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ያነቡታል። በግራ ያለው ስልክ ቁጥር በቀኝ ካለው የሥራ መደብ መሀል ገብቶ ይገኛል። አዳዲሶቹ ሲስተሞች ይህን ይሻሉበታል፤ የቱን ሲስተም እንደምታገኙ ግን እናንተ አትመርጡም።

ቴብልና ቴክስት ቦክስም እዚሁ ይመደባሉ። ትልቁ አደጋ ግን ሄደር፣ ማለትም በየገጹ አናት ላይ የሚደገመው ክፍል ነው። ስምና ስልክን በዎርድ ሄደር ውስጥ መክተት ያምራል። ሄደርና ፉተርን የሚዘሉ ሲስተሞች አሉ። ስልክ የሌለው አመልካች ትሆናላችሁ። ስም፣ ከተማ፣ ስልክ፣ ኢሜይል በገጹ በራሱ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ይጻፉ። በስልክ ሥዕል ፈንታ «ስልክ» የሚለውን ቃል ጻፉ። ለውጭ ቀጣሪ ከሆነ በ09 ወይም በ07 አትጀምሩ፤ በ+251 ይሁን። ወረዳና የቤት ቁጥር አያስፈልግም።

በጊዜ ቅደም ተከተል ወይስ በክህሎት?

ሲቪ የሚደራጅበት ሦስት መንገድ አለ። አንዱ የመጨረሻውን ሥራ ከላይ አድርጎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሌላው ሥራዎቹን ወደ ታች ገፍቶ «አመራር፣ ተግባቦት፣ ሽያጭ» በሚሉ ክህሎቶች ሥር መጻፍ ነው። ሦስተኛው ቅልቅሉ ነው፤ ከላይ አጭር የክህሎት ክፍል፣ ከሥር የሥራ ታሪክ።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው የሚመርጠው ክፍተት ለመደበቅ ነው። አይደብቅም። ማሽኑ ድርጅት፣ መደብና ቀን አንድ ላይ ካላገኘ የልምድ ሳጥኑን ባዶ ያደርገዋል። የሰው ኃይል ባለሙያዎችም አይወዱትም፤ ሲያዩት «ምን ተደብቋል?» ይላሉ። ክፍተት ካላችሁ ክፍተቱን እንደ አንድ ሥራ ጻፉት። ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ስትሠራ የቆየች እህት ያን ጊዜ ባዶ የምትተውበት ምክንያት የለም። የቤት ሠራተኛ፣ ከተማው፣ ከዓመት እስከ ዓመት፣ ከሥሩ ሦስት መስመር፦ የሕፃናት እንክብካቤ፣ ምግብ ዝግጅት፣ አረብኛ። ለሆቴልና ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ይህ በቀጥታ የሚፈለግ ልምድ ነው። ልጅ ለማሳደግ ወይም በሽተኛ ለማስታመም የቆየም እንዲሁ በአንድ መስመር ይጻፍ።

ለአዲስ ተመራቂ ቅልቅሉ ይሻላል። ትምህርት ከላይ፣ አፓረንትሺፕና የመመረቂያ ፕሮጀክት ከሥር፣ እንደ ሥራ ከነቀናቸው። ልምድ ላለው ሰው ግን ተራው የጊዜ ቅደም ተከተል ይበቃል።

ቀንና ስም፦ የኛው ጣጣ

የፈረንጅ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም። ለእኔ ግን ከቴምፕሌት ምርጫ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ ሲቪው ላይ «2012» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ 2012 ብቻ ነው፤ የፈረንጁን። እውነተኛው ግን 2020 ነው። ስምንት ዓመት ተጨመረ ማለት ነው። ወይ የስምንት ዓመት ሥራ አጥ ትመስላላችሁ፣ ወይ ለጀማሪ መደብ ልምዳችሁ በዝቶ ይታያል። የጀርባ ማጣራት ሲደረግ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ሌላ ዓመት ይናገራል። ያኔ ስህተት መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ጨምሩ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። አንድ ሲቪ ውስጥ ሁለት የቀን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆንም ሲቪው ላይ ተቀይሮ ይግባ።

05/06/2020 የሚለውም አይጻፍ። እኛ ጋ ሰኔ መግቢያ አካባቢ ያለ የጁን ቀን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሜይ ነው። ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በቁጥር ጻፉ፦ ጁን 2020። በሁሉም ሥራዎች ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን።

ስም ላይ ደግሞ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። አንዱ ያባቱን ይሞላል፣ ሌላው ያያቱን። ሁለቱም ይሆናል፤ ግን ፓስፖርቱ ወይም የሥራ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይሁን፣ ሁልጊዜም ያው ይሁን። ዘንድሮ በአባት፣ ከርሞ በአያት ስም ያመለከተ ሰው ሲስተሙ ውስጥ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። የፊደል አጻጻፉም እንደዚያው። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ስፔሊንግ ካለ ሲቪውን ከፓስፖርቱ ጋር አስማሙት።

አንድ ሲቪ ለሁሉም ወይስ ለየማስታወቂያው?

ለየማስታወቂያው ከባዶ መጻፍ አድካሚ ነው፤ ማንም አይቀጥልበትም። እኔ የማምንበት መካከለኛው ነው። ሁሉም ነገር ያለበት ረጅም ዋና ፋይል ይኑራችሁ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ቅጂ አውጥታችሁ ከላይ ያለውን አጭር መግለጫ፣ የክህሎት ክፍሉንና የመጨረሻውን ሥራ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ አስተካክሉ።

ማስተካከል ስል በማስታወቂያው ቃል መጻፍ ማለቴ ነው፤ ያላችሁን ማለትም ነው። አገር ቤት ያለ አካውንታንት ሁሉ «ፒችትሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ማስታወቂያውም እንደዚያው ይላል። ፕሮግራሙ ግን ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቨርጂኒያ ያለች ቀጣሪ የምትፈልገው በአዲሱ ስም ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ባንክ የሠራችሁ ደግሞ «ኮር ባንኪንግ» ብላችሁ አትለፉ፤ ቲ24 ይሁን ፍሌክስኪዩብ ፕሮግራሙን በስሙ ጥሩት። የመደብ ስምም እንዲሁ ነው። የኛ ባንክ ካስተመር ሰርቪስ ኦፊሰር አሜሪካ ባንክ ውስጥ ቴለር ከሚባለው ብዙ አይርቅም። የመደብ ስማችሁን አትቀይሩት፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሚናገረው የድሮውን ስም ነውና። ከሥሩ ባለው የመጀመሪያ መስመር ላይ ግን የቴለር ሥራ መሆኑን ግለጹ።

አሕጽሮትን ከሙሉ ስሙ ጋር ጻፉ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እህት «ሲኤንኤ» (ሰርቲፋይድ ነርሲንግ አሲስታንት) የሚለውን አሕጽሮት ብቻ ጽፋ ካለፈች በሙሉ ስሙ የሚፈልግ ላያገኛት ይችላል። የፈቃዱ ስቴትም ይጠቀስ። አገር ቤት የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ ከሆናችሁ ሌቭሉን በቁጥር፣ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና፣ መውሰዳችሁን በግልጽ አስቀምጡ። ውጤት ካማረ 3.42 ከ4.00 ተብሎ ይጻፍ፤ ከስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ፈረንጁ አይገባውም።

ቃላቱን በነጭ ቀለም ጽፎ መደበቅ የሚመክሩ አሉ። ማሽኑ ያነበዋል፣ እውነት ነው። ግን የወጣው ጽሑፍ ለባለሙያዋ ሲታይ ነጩም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ማጭበርበር መስሎ መታየት ማለት እሱ ነው። በቻትጂፒቲ ማስጻፍም ፋሽን ሆኗል። እንግሊዝኛ ለማረም ጥሩ ነው። ያልሠራችሁትን ሲጨምርላችሁ ግን እሺ አትበሉ፤ ኢንተርቪው ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

በአማርኛ የሚጻፍ ሲቪ

አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የአገር ውስጥ ድርጅቶች በአማርኛ ይቀበላሉ። እዚህ ዋናው ነገር ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የመጡ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ አሠራሮች ፊደሉን የሚያሳዩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተክተው ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ይሆናል። እስከ ዛሬ በዚያ የሚጽፉ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ለማተም ችግር የለውም፤ ለመፈለግ ግን አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ላይ አስጽፉ።

በአማርኛ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ የፊደል አጻጻፍ ይለያያል። «ሒሳብ» ብሎ የሚፈልግ ሲስተም «ሂሳብ»ን ላያገኝ ይችላል። ማስታወቂያው እንደጻፈው ጻፉ፤ የፊደል ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ዩሮፓስ፣ ባሕረ ሰላጤ፣ አሜሪካ

ዩሮፓስ እ.ኤ.አ. በ2020 ታድሶ የወጣ የአውሮፓ ኅብረት ነፃ የሲቪ ማዘጋጃ ነው። ለኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የምታመለክቱ ከሆነ ብዙ ፕሮግራሞች እሱን ይጠይቃሉ ወይም ይመርጣሉ። ለግል ኩባንያ ግን ይረዝማል፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መስሎ ይታያል። ካልተጠየቃችሁ ተዉት።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ፎቶ፣ ዜግነትና የቪዛ ሁኔታ ሲቪ ላይ መጻፍ የተለመደ ነው። ዱባይ ሆናችሁ ቤይት በሚባለው የሥራ ድረ ገጽ የምታመለክቱ ከሆነ የቪዛ ሁኔታችሁን አለመጻፍ ነው የሚጎዳችሁ። አሜሪካ ተቃራኒው ነው። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ አይጻፍም። ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው «የግል መረጃ» የሚለው የመጀመሪያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይውጣ። «ማረጋገጫ፦ ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው» ከሚለው ፊርማ ጋር።

ለመሞከርና ለመክፈል

ሲቪው ይነበብ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ኮፒ አድርጉ፣ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉ። ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ስማችሁ ከላይ ካለ፣ እያንዳንዱ ሥራ ከድርጅቱና ከቀኑ ጋር አንድ ላይ ካለ፣ ቃላቱ ካልተሰባበሩ ጨርሳችኋል። ምንም መምረጥ ካልቻላችሁ ፋይሉ ምስል ነው። ከዚህም የተሻለ ፈተና አለ። ወርክዴይን በመሰለ ሲስተም ላይ ፋይሉን ስትጭኑ ሳጥኖቹን ራሱ ይሞላላችኋል። የተሞላውን ሳታዩ አትለፉ። ማሽኑ እንዴት እንዳነበባችሁ እዚያ ላይ ፊት ለፊት ይታያል፤ ያሳሳተውንም እዚያው ታርሙታላችሁ። አንድ ስህተት ደጋግሞ ከመጣ ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ፋይል አስተካክሉ።

«የኤቲኤስ ነጥብ» የሚሰጡ ገጾች ላይ ለመክፈል አትቸኩሉ። ሰባ ሁለት ከመቶ የሚለው ነጥብ የገጹ የራሱ መለኪያ ነው። የምታመለክቱበት ድርጅት አያየውም። የጎደሉ ቃላትን ለማየት ነፃውን ሙከራ መጠቀም ይበቃል፤ እሱንም ማስታወቂያውን አትሞ በስክሪብቶ ከማስመር ብዙ አይበልጥም።

አገር ቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር ቤት የምታስጽፉ ከሆነ ግን ክፍያው ተገቢ ነው፤ ፈጣን ጸሐፊዎች ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ባለ አንድ ዓምድ ይሁንልኝ፤ የዎርዱን ፋይልም በኢሜይል ላኩልኝ። ፒዲኤፉን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ስልክ ቁጥር ለመቀየር እንኳ ተመልሶ ይከፍላል።